ሾላው ላይ የተሰቀለችው ፍየል

ሐጂ ሙክታቸውን የበላው ነብር እንደሆነ ከወሰኑ በኋላ ነው እኔ የተጠራሁት።

መርሳ ተቀምጬ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት እሠራለሁ። የገጠሩ ሰው «ሀኪሟ» ይለኛል። ከብት ሲታመም መጀመሪያ ጎረቤት ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ዐዋቂ ይጠየቃል፤ ሁሉም ሲያቅታቸው እኔ እጠራለሁ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምደርሰው ለለቅሶው ነው። በዚያን ቀን ግን የተፈለግሁት ለማከምም ለማልቀስም አልነበረም፤ ለመመስከር ነበር።

ግራና ድረስ በመኪና ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። የሐጂ ቤት ኮረብታው ሥር፣ የማሽላው ማሳ አልቆ ቁጥቋጦው ከሚጀምርበት ላይ ነው። ከጓሯቸው ጀርባ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ገደሉ ነው። ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው በር ላይ ጠበቁኝ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ፤ እንዴት አደሩ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። አልሐምዱሊላህ። ነብር ገብቶብን አደርን» አሉ። አባባላቸው የተከበረ እንግዳ መጥቶብን አደርን የሚል ይመስል ነበር።

አጥሩን ዞሬ አየሁት። እሾሁ በአንድ በኩል ተደርምሶ ወደ ውስጥ ተጋድሟል። አቧራው ላይ ጥፍሩ የወጣ ዱካ ነበር፤ ነብር ደግሞ ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል። ከሙክቱ የቀረው የቀንድ ስባሪና ደም የነካው ሣር ብቻ ነው። ነብር ሥጋውን በልቶ አጥንቱን ይተዋል። አጥንቱንም ቆዳውንም ጠርጎ የሚሄደው ሌላ ነው።

«ሐጂ፣ ይሄስ የጅብ ሥራ ይመስላል» አልኩ ቀስ ብዬ።

ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ያንቺ ትምህርት ስለ ክትባት ነው» አሉኝ። «እኔ ግን እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር በነብር መበላትና በጅብ መበላት አንድ አይደለም። ነብር የገባበት ሰው ዕድል ጣለበት ይባላል፤ ገበያ ላይ ሰው ከቦ ያዳምጠዋል፤ የሞተችውም ፍየል ከሞተች በኋላ ትወፍራለች። ጅብ የገባበት ሰው ግን አጥሩ ላልቶ፣ ውሻው ተኝቶ፣ እሱ ራሱም አንኮራፍቶ ነው። አንዱ አደጋ ነው፤ ሌላው ስንፍና ነው። ሐጂም የመንደሩ ሽማግሌ፣ ሰው የሚያስታርቁ፣ ዱዓቸው የሚፈለግ ሰው ናቸው። በጅብ ሊበሉ አይችሉም።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው ባይሰሙ ኖሮ። እኚህ ጎረቤት በአንድ ወቅት የቀበሌው ሊቀመንበር ነበሩ። ወንበሩን ከለቀቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ስሙ ግን እሳቸውን አልለቀቀም። ሚስታቸው ሳይቀሩ «ሊቀመንበር» ነው የሚሏቸው። ከሐጂ ጋር እኩያ ናቸው፤ አብረው ከብት ጠብቀዋል፤ ፋሲካና ዒድ ሲመጣ እየተጠራሩ ኖረዋል። ዱላቸውን አጥሩ ላይ ደግፈው ወሬው ውስጥ ገቡ።

«ሐጂ፣ ጉዳዩን በሂደት እንገምግመው» አሉ። «ሀኪሟ ሙያዊ አስተያየት ሰጥታለች። ጅብ ነው። አጥርህ ላልቷል፤ ሂስህን ዋጥ።»

«ነብር ነው አልኩህ።»

«ነብር ከሆነ እኔ ግቢ ለምን አልመጣም? የእኔ ፍየሎች ያማሩ አይደሉም? ያልመጣው ጅብ ስለሆነ ነው፤ ጅብ ደግሞ ውሻዬን ያውቀዋል።»

አንድ ጆሮው የተቆረጠ ቡላ ውሻቸው እግራቸው ሥር ተኝቶ ዝንብ ያባርር ነበር። ጅብ አንቆ ያውቃል ተብሎ እስከ ውርጌሳ የሚወራለት ውሻ ነው። ያወሩለት ራሳቸው ሊቀመንበር ናቸው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መርሳ ገባ። በገበያው ቀን ሐጂ በአንድ ወገን ስለ ነብሩ አካሄድ ሲያስረዱ፣ ሊቀመንበር በሌላ ወገን ስለ አጥር አያያዝ ትምህርት ሲሰጡ ዋሉ። ብዙ ሳይቆይ አገሩ በነብር ተሞላ። ቀድሞ ጅብ፣ ቀበሮ፣ አነር ሲበላቸው የኖሩ ሰዎች ሁሉ ለካ ያኔም ነብር ነበር እያሉ ታሪካቸውን አረሙ። አንዲት እናት ዶሮዎቼን ነብር ጨረሰብኝ ብለው መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«እማማ፣ የዶሮ ሌባ ሸለምጥማጥ ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ሕፃን ነብር ይሆናላ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሊቀመንበር በጠዋት የደወሉልኝ። «ሀኪሟ፣ አስቸኳይ አጀንዳ አለ። ቶሎ ድረሺ።»

ስደርስ መንደሩ ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ተሰብስቧል። ቀና ብዬ አየሁ። የሊቀመንበር ጥቁር ፍየል ከላይ፣ ሁለት ቅርንጫፎች በሚገናኙበት መሀል ተሰንቅራ፣ እግሮቿ በሁለቱም በኩል ተንጠልጥለዋል። ጉሮሮዋ ተነክሷል፤ ሆዷ በኩል ተበልታለች። የዛፉ ልጥ ላይ የጥፍር ቡጭሪያ ወርዷል። ይሄ የማያጠራጥር ነብር ነበር።

ሊቀመንበር ፍየል የሞተባቸው ሰው አይመስሉም። ሹመት የመጣላቸው ይመስላሉ።

«እንግዲህ ወደ እኔ መጣ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደረጃ የሚያውቅ አውሬ ነው።»

ሐጂም መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ሽቅብ ለረጅም ጊዜ አዩ፤ ፍየሏን አዩ፤ ቡጭሪያውን አዩ። ከዚያ፣ «ጅብ ነው» አሉ።

«ሐጂ! ጅብ ዛፍ ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«ታዲያ?»

«ሰው ይሰቅላል» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

ሊቀመንበር ነገሩ የገባቸው ቆየት ብሎ ነው። ለዝና ብለህ የራስህን ፍየል ሰቀልክ መባላቸው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች መነጋገር አቆሙ። በአንድ መንገድ የሚሄዱ፣ ከአንድ ወንዝ የሚያጠጡ ሰዎች ሰላምታቸውን በልጆቻቸው በኩል መላክ ጀመሩ። በዚያው ቀን ከሰዓት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሊያስታርቋቸው አሰቡ፤ ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። በእኛ አገር ልማድ እንዲህ ያለ ክርክር የሚያልቀው በመሐላ ነው። ሐጂን ማስማል ይቻላል፤ ሊቀመንበርንም ማስማል ይቻላል። ነብሩን ግን ማን ያስምለዋል?

እኔ ያኔ ነው ወልድያ የሚያስተምር አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ያለኝ። ሥራው አውሬ ማጥናት ነው፤ ያውም ነብርና ጅብ፣ ጅብና ቀበሮ አንድ ሸለቆ ውስጥ እንዴት ተቻችለው እንደሚኖሩ። ደወልኩለት፤ በማግስቱ በሞተር ብስክሌት መጣ። ቦርሳው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ በራሱ የሚቀርጽ ካሜራ ነበረው። ከሾላው ፊት ለፊት ካለ ግራር ላይ አሰረው። ፍየሏም ካለችበት እንዳትወርድ ለመነ። ሊቀመንበር ቆዳዋን ሊገፉ ቢላዋ ስለው ነበር፤ ግን «ለጥናት ከሆነ መስዋዕትነት እንከፍላለን» ብለው ተዉት።

«ነብር ያደነውን ይዞ ዛፍ የሚወጣው ጅብ እንዳይቀማው ነው» ብሎ መምህሩ ለሽማግሌዎቹ ማስረዳት ጀመረ።

«ነብር ጅብ ይፈራል እያልክ ነው?» አሉት አንዱ ሽማግሌ፣ ቅር ብሏቸው።

መምህሩ ዙሪያውን አየ። «አይፈራም አባቴ» አለ። «ይጠነቀቃል።»

ይሄ ተቀባይነት አገኘ።

ካሜራው ጥቂት ቀን ቆየና መምህሩ ተመልሶ መጣ። ሾላው ላይ ፍየል አልነበረችም፤ ከሥሩ ትንሽ ፀጉር ብቻ ቀርቷል። ቀረጻውን ሁሉም ካላየው አንቀበልም ስለተባለ፣ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። መምህሩ ላፕቶፑን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፤ ግን ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ አለ። ጋቢ ይጋረድበት ተባለ። የሐጂ ጋቢ ተዘረጋ። ሁላችንም ጭንቅላታችንን ከጋቢው ሥር ከተትን። የቀረው ሰው የእኛን ጀርባ እያየ ይጠብቃል። ሐጂና ሊቀመንበር፣ ሰላም የማይባባሉት ሰዎች፣ ግንባራቸው ሊነካካ ትንሽ ቀርቶት ጎን ለጎን ሆኑ።

ጎህ ሲቀድ ነው። ነብሩ ቅርንጫፉ ላይ ሆኖ እየበላ ይታያል። ከጋቢው ሥር «ማሻአላህ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ እውነትም ያምር ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከወንዙ በኩል አንድ ጅብ መጣ። አልተጣደፈም። ሾላው ሥር ደረሰ፤ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እንደ ባለጉዳይ ቁጭ አለ። ነብሩ አየውና መብላቱን ቀጠለ። ጅቡ ይጠብቃል። ነብሩ የኋላ እግሯን ለመገንጠል ጎተት ሲያደርጋት ፍየሏ ከተሰነቀረችበት ሾለከችና ዱብ አለች።

ከጋቢው ሥር ይበልጥ ተጨናነቅን።

ጅቡ ተነሥቶ አንገቷን ያዘ። ነብሩ ከላይ ዘሎ ወረደ፤ ጥርሱን አሳየ፤ መሬት ቧጨረ። አሁን ይገድለዋል ብለን ስንጠብቅ ጅቡ ፍየሏን ለቅቆ ዝም ብሎ ወደ ነብሩ ተራመደ። አልሮጠም፤ አልጮኸም። ከቁጥቋጦው ሌላ ጅብ ብቅ አለ። ነብሩ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አየና ተመልሶ ሾላው ላይ ወጣ። ከዚያም መጀመሪያውኑ ለዚሁ የመጣ ይመስል መዳፉን መላስ ጀመረ።

ጅቦቹ ሲበሉ ሁለት ቀበሮዎች ደረሱ። አንዱ ቀረብ ብሎ ጅቡን አናደደና አስከትሎት ሮጠ፤ ያን ጊዜ ሌላው አንጀት ይዞ በሌላ በኩል ጠፋ። ጅቦቹ የቀረውን ጎትተው ወደ ወንዙ ወረዱ። ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ በመንደሩ በኩል አንድ ውሻ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ ጅራቱን ቆልፎ፣ ተመልሶ ከመጣው ቀበሮ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ የወዳደቀውን መለቃቀም ጀመረ። ቡላ ቀለሙ፣ የተቆረጠች ጆሮው፣ ሁሉ ነገሩ ይታያል።

ጋቢው ተገለጠ። ሁላችንም ሊቀመንበርንና እግራቸው ሥር የተኛውን ውሻ አየን።

«ያ የእኔ ውሻ አይደለም» አሉ ሊቀመንበር።

ሳቁ ያኔ ፈነዳ። ሳቁ ሲበርድ ደግሞ ትንታኔው መጣ። አንዱ ሽማግሌ ነብሩ ታሞ መሆን አለበት አሉ። ሌላው ያረጀ ነው አሉ። ሦስተኛው፣ ነብሩ ምንም አልሆነም፤ ጅቡ ነው ተራ ጅብ ያልሆነው ብለው ዙሪያቸውን በጥርጣሬ ቃኙ። ነብር በጤናው ያደነውን ለጅብ ለቅቆ ሄደ የሚለውን ብቻ የተቀበለ ሰው አልነበረም። መምህሩ በምድረ በዳውም በጫካውም እንዲሁ ነው፣ ብቻውን የሚያድን ቁስል ስለሚፈራ ይለቃል ብሎ ነበር፤ የሰማው የለም። ከሁሉም የገረመኝ ሁለቱም ተከራካሪዎች ማሸነፋቸው ነው። ነብር አለ፤ ጅብም አለ።

ሐጂ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን አራግፈው ለበሱና ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው።

«ሐጂ፣ ቅር አለዎት?»

በዱላቸው ወደ ወንዙ አመለከቱ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ እኔ ነብር ወድጄ አይደለም» አሉኝ። «በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ጦርነቱ በዚህ ሲያልፍ፣ ወንዙ ዳር አንድ ልጅ ወድቆ አገኘን። የየት ወገን እንደሆነ፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ አላወቅንም። ተኩስ ስላለ መቆፈር አልቻልንም። እኔና ሊቀመንበር ድንጋይ እየወረወርን ጅብ ስንከለክል ነጋልን። ሲነጋ ቀበርነው። እኔ በእኔ ዱዓ አደረግሁለት፤ እሱ በእሱ ጸለየለት።»

ቆሙ። «ጅብ ግቢህ ገባ ሲሉኝ ያ ልጅ ነው የሚመጣብኝ። ነብር ነው ያልኩት ለዚያ ነው። ሊቀመንበር ደግሞ ይህን ያውቃል። እያወቀ ነው ገበያ ላይ የሳቀብኝ።»

ዞር ስል ሊቀመንበር ከኋላችን፣ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ውሻው አጠገባቸው ነው። ምን ያህል እንደሰሙ አላውቅም። መሬቱን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉ። አጀንዳም፣ ሂስም፣ ግምገማም አላሉም።

«አጥርህን ነገ እንሥራው» አሉ።

«ያንተስ?» አሉ ሐጂ፣ ወደ እሳቸው ሳይዞሩ።

«የእኔም ይሠራል። አንድ አድርገን ብንሠራው ይሻላል። ፈጥኖ ያልቃል።»

«ደህና።»

ይቅርታ የተባለው ይሄው ነበር።

በማግስቱ ከሁለቱም ቤት ወንዶቹ ወጡ። መምህሩ እንደመከረው ታችኛውን ከድንጋይ አደረጉት፤ ጅብ ከሥር ስለሚገፋ። ላዩን በግራር እሾህ ከደኑት፤ ነብር ከላይ ስለሚመጣ። ለግልገሎቹ መውጫ የነበረችውን ቀዳዳ ደፈኑ፤ ቀበሮ ስለማይንቃት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሥራውን ቆመው ሲያዝዙ፣ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ሲያስፈርስ፣ አመሻሹ ላይ በረቱ አለቀ።

እኔ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ግን የቀረጻው ወሬ የወረዳው መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጆሮ ገባ። ኃላፊያችን ደስተኛ ሰው ናቸው፤ አካባቢያችን በአንድ ነገር እንዲታወቅ ይፈልጋሉ፤ በምን እንደሆነ ግን እስከዚያ ቀን አላገኙትም ነበር። መምህሩን ቢሯቸው አስጠሩት። ቀረጻውን አዩና ነብሩ ጋ ሲደርሱ አስቆሙት።

«ይሄን እንወስዳለን» አሉ። «ጅቡ ከገባበት ጀምሮ ያለውን ቁረጥልኝ።»

«ጅቡ ከወጣ እኮ ነብሩ ለምን ዛፍ ላይ እንዳለ አይገባም» አለ መምህሩ።

«ነብር ዛፍ ላይ ያምራል» አሉ ኃላፊያችን። «ምክንያት አያስፈልገውም።»

ነብሩ ባነር ላይ ታተመ። ከሥሩ «የነብር ምድር» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተደረገበት። ከላይ እንግዶች መጡ፤ ከላይ ማለቴ ከበላይ አካል ነው። መኪኖቻቸው እስከሚገቡበት ገቡ፤ የቀረውን አዲስ ኮፍያ አድርገው በእግራቸው መጡ። ሾላው ሥር ተሰልፈው ሽቅብ አዩ። ባዶ ቅርንጫፍ ነበር። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፤ ሙቀቱ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ነብር አይደለም ዝንጀሮም አይታይም። ኃላፊያችን ስለ ነብር ግርማ ሲናገሩ፣ አንዲት እንግዳ ወንዙ ውስጥ ከቀረች ጭቃ ላይ የተጋደመ ጅብ አየች። ጅቡም ቀና ብሎ አየን፤ ከዚያ አገጩን መልሶ ጭቃው ላይ አኖረ።

«ይሄ ጅብ አይደለም እንዴ?» አለች።

ኃላፊያችን አላመነቱም። «እሱ ከሌላ ወረዳ የመጣ ነው» አሉ።

ለእንግዶቹ ግብዣ ተዘጋጅቶ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ እንዲበላ ሁለት ፍየል ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሐጂ፣ አንዱ ከሊቀመንበር እንዲመጣ ኃላፊያችን ቀድመው ወስነዋል። ያ ሁሉ ድንጋይና እሾህ ያስጠለላቸው ሁለት ፍየሎች በበረቱ በር፣ በቀን፣ በሰው እጅ ወጡ። ምሳው ላይ ሊቀመንበር ከሐጂ አጠገብ ቆመው እንግዶቹን ሲያስተናግዱ፣ አንዱ እንግዳ አጥንቱን በጥርሱ ይዞ ሲታገል አዩ።

«ሐጂ» አሉ በሹክሹክታ፣ «የዛሬዎቹንስ ማን በላቸው ብለን ቃለ ጉባኤ እንያዝ?»

«ዝም በል፤ እንግዳ ነው» አሉ ሐጂ። ግን ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሲስቁ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባነሩ አሁንም መርሳ መግቢያ ላይ አለ፤ ፀሐይ ቀለሙን ስለመጠጠው ነብሩ ከርቀት ሲያዩት ጅብ ይመስላል። መምህሩ እንደሚለው ነብሩ ወደ ላይኛው ጋራ ሳይሄድ አልቀረም፤ ጅቦች በበዙበት ቦታ አዘውትሮ ማደን አያዋጣውም። ጅቦቹ ግን የትም አልሄዱም። በረቱም እስካሁን አልተደፈረም።

ባለፈው ወር ለክትባት ሄጄ ነበር። የሁለቱም ፍየሎች አንድ ላይ ስለሚያድሩ በሩ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ መውጋት ጀመርኩ። መሀል ላይ አንዲት ነጭ ግልገል ስትመጣ ሐጂ የእኔ ናት አሉ፤ ሊቀመንበርም የእኔ ናት አሉ። ክርክሩ እናቷን እስከ መፈለግ፣ ከዚያም አባቷን እስከ መፈለግ ደረሰ። እኔ ግልገሏን ወግቼ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።